ፊት ሳያሳዩ መተወን

«ፊቱ ካልታየ ምኑን ተወነው?» ይላሉ። በደብረ ታቦር ስለ ፊልምና ስለ ተከታታይ ድራማ ወሬ በተነሣ ቁጥር ይህን የማይል ሰው አላጋጠመኝም፤ ቴአትር የሚወዱና ራሳቸውም መድረክ የወጡ ወጣቶች ሳይቀሩ ይሉታል። አንድ ተዋናይ ዕድሜውን በቴሌቪዥን ከሌላ ፕላኔት የመጣ ፍጡር እየሆነ ሲሠራ ኖረ እንበል። ግንባሩ ላይ ላስቲክ ይለጠፍለታል፣ ጆሮው ይሾላል፣ ጥርሱ ይቀየራል። በዚህ ክፍል ይሞታል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ፍጡር ሆኖ ይመለሳል። እንዲህ እያለ ሸመገለ። የዚህን ሰው ታሪክ ስትነግራቸው «አልተሳካለትም ማለት ነው» ብለው ይደመድማሉ። እኔ ደግሞ የትወና ሙያ በትክክል የሚለካው በእንዲህ ያለው ሰው ነው እላለሁ። እሱን የሚንቀው አስተሳሰብም የራሳችንን ድራማ እያቀጨጨው ነው።

የሚከራከሩኝ ሰዎች የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የተዋናይ መሣሪያው ፊቱ ነው ይላሉ። ተመልካች ልቡ የሚነካው ቅንድብ ሲሰበር፣ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ፣ ዓይን እንባ ሲያቀር ነው። ያንን ፊት በላስቲክና በቀለም ከሸፈንከው የሚቀረው የሜካፕ ባለሙያው ሥራ ነው፤ ከሥሩ ማንም ቢቆም ልዩነት የለውም። ደግሞም በሙያው ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ አንድ ቀን እንኳ መሪ ተዋናይ ያልሆነ፣ መንገድ ላይ ማንም የማያውቀው ሰው፣ ችሎታ ቢኖረው ኖሮ ይወጣ ነበር ይላሉ፤ የሕዝብ ዓይን አይሳሳትምና። እኛን በቅርብ የሚነካው ክርክራቸው የመጨረሻው ነው። የጠፈር ፍጡር የጠገበ አገር ጨዋታ ነው፤ የራሱን ኑሮ ተናግሮ ያልጨረሰ ሕዝብ ተዋናዩን በዚህ ላይ ሊያባክነው አይገባም ይላሉ። እያንዳንዱ ክርክር ለጆሮ ይጥማል። ሲመረመር ግን አንዱም አይቆምም።

ከፊት ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1995 «ስታር ትሬክ፡ ቮዬጀር» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ውስጥ የታየ አንድ ክፍል አለ። መርከቧ ከምድር እጅግ ርቃ ጠፍታለች፤ አገራቸው ለመመለስ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ጉዞ ይቀራቸዋል። ድንገት በጠፈሩ ውስጥ መርከቧን የማታሳልፍ ጠባብ ቀዳዳ ያገኛሉ። በማዶ በኩል አንድ ሰው ይመልስላቸዋል። ሰውየው ሮሙላን ነው፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ ከጠላት ወገን መሆኑ ነው። መጀመሪያ አያምናቸውም፣ ሰላዮች ናቸው ብሎ ይጠረጥራል። እያደር ግን ሳይንቲስት መሆኑን፣ ከቤቱ ከወጣ ዓመት እንዳለፈው፣ ከሄደ በኋላ የተወለደችለትን ሴት ልጁን ገና በዓይኑ እንዳላያት ይናገራል። የባሕርተኞቹን መልእክት ለቤተሰቦቻቸው ሊያደርስም ቃል ይገባል። በኋላ ነው እሱ ያለበት ዘመን ከእነሱ ዘመን 20 ዓመት ወደ ኋላ መሆኑ የሚታወቀው። መልእክቱን የሚያደርስበት ቀን ሳይደርስ እንደሚሞትም ከመዝገባቸው ያነባሉ።

ያን ሳይንቲስት የተጫወተው ቮን አርምስትሮንግ ነው። የምናየው ግንባር የራሱ አይደለም። ጆሮውም ፀጉሩም የራሱ አይደለም። በክፍሉ መጀመሪያ ላይማ ጭራሽ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። ታዲያ ስለ ልጁ ሲናገር ጥርጣሬው ከድምፁ ላይ እንዴት እየረገፈ እንደሚሄድ፣ በኩራትና በናፍቆት መካከል እንዴት እንደሚያመነታ የሰማ ሰው፣ ይህን የሠራው ላስቲኩ ነው ሊል ይችላል? አርምስትሮንግ በስታር ትሬክ ድራማዎች ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ከአሥር በላይ የተለያዩ ገጸ ባሕርያትን ተጫውቷል፤ ጦረኛ፣ አዳኝ፣ የመርከብ አዛዥ ሆኗል። አብዛኞቹን ያየ ተመልካች አንድ ሰው መሆኑን ሳያውቅ አልፏቸዋል። ለምን? ሰውየው ራሱን ሳይሆን የተሰጠውን ሰው ስላሳየ ነው።

ርቀን መሄድም የለብንም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ የወጋየሁ ንጋቱን ፊት ማን አየ? የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ የጉዱ ካሳ ምሬት፣ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ከአንድ ጉሮሮ ወጡ። በየመንደሩ ሬዲዮ ከብቦ ያለቀሰው ሰው ቅንድብ ሲሰበር አላየም። ትወና በፊት ብቻ የሚኖር ቢሆን ያ ሁሉ እንባ ከየት መጣ? ፊት ከተዋናይ መሣሪያዎች አንዱ ነው። እስትንፋስ አለ፣ አንገት አለ፣ እጅ አለ፣ አረማመድ አለ፣ ዝምታ አለ። አንዱን የነጠቁት ተዋናይ በቀሩት ይሠራል። መሥራት ያቃተው ደግሞ ፊቱ ተገልጦም ቢሆን እያታለለን ነበር ማለት ነው።

«ማንም ቢቆም ልዩነት የለውም» የሚሉት አንድ ምሳሌ እንዳላቸው አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው «ኤሊየን» ፊልም ውስጥ ዓለምን ያስደነገጠው ፍጡር ቦላጂ ባዴጆ የሚባል ናይጄሪያዊ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነበር፤ ለንደን ውስጥ መጠጥ ቤት ታይቶ ነው የተመረጠው። ከ2 ሜትር በላይ ቁመት ነበረውና በቁመቱ ተመረጠ፣ ተዋናይም አልነበረም። እውነት ነው። ነገር ግን አዘጋጆቹ ቁመቱን አግኝተው ዝም አላሉም፤ የምሥራቅ ስፖርትና ያለ ንግግር የመተወን ትምህርት እንዲማር አደረጉት፣ ምክንያቱም ቁመት ብቻውን እንደማይራመድ ገብቷቸዋል። ያም ፍጡር አይናገርም፣ ከጨለማ ብቅ ብሎ በቅጽበት ይሰወራል። በቴሌቪዥን ላይ የሚመጣው እንግዳ ፍጡር ግን በብርሃን መካከል ቆሞ ይከራከራል፣ ያፈቅራል፣ ይዋሻል፣ ይቅርታ ይለምናል። አንዱ ክፍል በአንድ ሳምንት ገደማ ተቀርጾ ያልቃል። የእንግዳው ተዋናይ ጎሕ ሳይቀድ መጥቶ ለሰዓታት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለጠፍበታል። ከዚያ ማንንም ከማያውቅበት ቡድን መካከል ገብቶ፣ መብራቱ እያቃጠለው፣ የመጀመሪያውን ቃል ሲናገር ሙሉ ሰው ሆኖ መገኘት አለበት። ላስቲኩ ትንሿን የፊት እንቅስቃሴ ይውጣታል፤ ተለቅ ካደረጋት ደግሞ መሳቂያ ትሆናለች። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ መንገድ ማግኘት የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ይህን አያደርገውም።

ተዋናዩን ጄፍሪ ኮምብስን ደግሞ እንይ። «ዲፕ ስፔስ ናይን» በተባለው ሌላው የስታር ትሬክ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1996 ወዩን የሚባል ተንኮለኛ ዲፕሎማት ሆኖ መጣና በዚያው ክፍል ተገደለ። ነገሩ እዚያ ማለቅ ነበረበት። ጸሐፊዎቹ ግን በሥራው እጅግ ስለ ተደነቁ፣ የዚያ ፍጡር ወገኖች በሞቱ ቁጥር ቅጂያቸው ይነሣል የሚል ነገር ፈጥረው መለሱት፤ ወዩን እስከ ድራማው ፍጻሜ ድረስ ከዋነኞቹ ጠላቶች አንዱ ሆኖ ቀጠለ። በዚያው ድራማ ኮምብስ ብረንት የተባለ ሌላ ፍጡርም ይጫወት ነበር፤ አስመሳይና ስግብግብ የንግድ ተቆጣጣሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለቱን በአንድ ክፍል ውስጥ ተጫወታቸው። የማያውቅ ሰው ሁለት ተዋንያን ናቸው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። አንዱ ተዋናይ በችሎታው ብቻ ሞት የተፈረደበትን ገጸ ባሕርይ ከመቃብር ካስነሣ፣ ጸሐፊዎቹንም ታሪካቸውን እንዲለውጡ ካስገደዳቸው፣ «ቢችል ኖሮ ይወጣ ነበር» የሚለው ክርክር ምን ይዞ ይቆማል?

ይህ ወደ ዝናው ነገር ያመጣኛል፤ እዚህ ላይ የጋፋት አጠገብ ነዋሪ እንደ መሆኔ ዝም ማለት አልችልም። ጋፋት ሲነሣ የሚነሣው የዐፄ ቴዎድሮስ ስም ነው። ቀጥሎ ሚስዮናዊው ዋልድማየርና ጓደኞቹ ይጠቀሳሉ። ሴባስቶፖል፣ ወደ 7 ቶን የሚጠጋው መድፍ፣ እዚህ ቀለጠ፣ እዚህ ተሠራ፤ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። የማቅለጫውን እሳት ሲያነዱ ያደሩት፣ ሸክላውን ያቦኩት፣ ብረቱን የቀጠቀጡት የአገሬው ሰዎች ስማቸው ማን ነበር? በጋፋት ኮረብታ ላይ ቆመህ ጠይቅ፤ የአንዱን እንኳ ስም የሚነግርህ ሰው አታገኝም። ስማቸው ስለ ጠፋ ሥራቸው ሐሰት ሆነ? ስላልታወቁ አልቻሉም?

የከፋው ደግሞ እጁ የሚሠራውን ሰው ማክበር ይቅርና፣ እኛ ደጋማዎቹ ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብለን አብረን ማዕድ ስንከለክለው ኖርን። ማረሻውን የሠራልን እሱ ነው፣ በማረሻው አርሰን የበላነው እኛ፤ ስድቡን የተሸከመው ግን እሱ። ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን እንዲሁ አደረግናቸው። ማሲንቆ የሚመታውን አዝማሪ ሠርግ ላይ ጠርተን ሲመሽ በር ዘጋንበት። የመጀመሪያዎቹ ተዋንያንም «አዝማሪ» እየተባሉ በቤተሰብ ተክደዋል። ዛሬ «ፊቱ የማይታይ ተዋናይ» ላይ የሚወርደው ንቀት አዲስ ነገር መስሎ ቢታይም የድሮው ንቀታችን ልጅ ነው። ሥራውን እንፈልገዋለን፣ ሠሪውን አንፈልገውም። የቀየርነው ነገር ቢኖር ድሮ ዘር ይጠየቅ የነበረበትን ቦታ ዛሬ ዝና መያዙ ነው።

ሕዝብ ያየዋል፣ ሽልማት ያገኘዋል ለሚለው አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2018 የኦስካርን የምርጥ ፊልም ሽልማት የወሰደው «ዘ ሼፕ ኦቭ ዋተር» ነው። ፊልሙ የአንዲት መናገር የማትችል ሴትና የአንድ ውኃ ውስጥ የሚኖር ፍጡር ፍቅር ነው። ሴትየዋን የተጫወተችው ተዋናይት ለሽልማት ታጨች። ከእርሷ ጋር ያንን ፍቅር የተጫወተው፣ ከራስ እስከ እግሩ ተሸፍኖ አንድ ቃል ሳይናገር ያስለቀሰን ዳግ ጆንስ አልታጨም። ፍቅሩን ሁሉም አመነ፣ ፊልሙም ተሸለመ፤ የፍቅሩ ግማሽ ግን የማንም ሥራ እንዳልሆነ ተቆጠረ። ስለዚህ ዝናና ሽልማት የችሎታ ሚዛን ናቸው አትበሉኝ። ሚዛኑ ራሱ ዕውር ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ክርክር ልምጣ፤ «የእኛ ነገር አይደለም» ወደሚለው። ዘመናዊ የኢትዮጵያ ቴአትር በምን ተጀመረ? ከመቶ ዓመት በፊት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በጻፉት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» ነው። የመጀመሪያዎቹ ተዋንያኖቻችን የተጫወቱት አውሬ ሆነው ነው! ባለ ሥልጣናቱ በአውሬዎቹ ውስጥ ራሳቸውን ስላዩ ቴአትር ለዓመታት ተከለከለ። ስለ ራሳችን ኑሮ ከዚያ የበለጠ ማን ተናገረ? ሰው መስሎ ቢቀርብ ኖሮ ማን ይደፍረው ነበር? አባባ ተስፋዬም፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሴቶች መድረክ ባልወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርያትን ሆነው ተጫውተዋል፤ በኋላም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለ42 ዓመታት በቴሌቪዥን ለልጆች ሲተርኩ በተረቱ ውስጥ ያሉትን እንስሳት በድምፃቸው ሕያው አደረጉልን። ያን ጊዜ ይህ «የእኛ አይደለም» ያለ አልነበረም።

ከዚያም በፊት ቢሆን። ቤተ ክርስቲያን የምታወግዘውን የዛር ነገር እዚህ ላይ ላመሰግን አልተነሣሁም። ነገር ግን ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ከትሞ ዛር የሚወርድባቸውን ሰዎች ለወራት ከተመለከተ በኋላ፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ዋነኛ ጉዳይ የነገሩ ቴአትራዊ ገጽታ ነበር። እያንዳንዱ ዛር የራሱ አነጋገር፣ የራሱ ጭፈራ፣ የራሱ ልብስና ጠባይ አለው፤ የተያዘውም ሰው ያንን ሁሉ ይለብሳል። ሰው ያልሆነን ፍጡር በሰው ሰውነት ማሳየት ከሆሊውድ የመጣብን ነገር አይደለም ማለቴ ነው። አገሩ ጎንደር ነው።

በዘመናችንም አለ። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ አገራችን ውስጥ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ክራምስ» የተባለ ፊልም አለ፤ ንግግሩ አማርኛ ነው። ዓለም ከፈረሰች በኋላ ያለ ዘመን ነው። ሰማይ ላይ ዝገት የበላው መንኮራኩር ተንጠልጥሏል። የፕላስቲክ አሻንጉሊትና አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ እንደ ታቦት ንዋያት በክብር ይያዛሉ። ዳንኤል ታደሰ ጋጋኖ የሚጫወተው ሰው ከምድር እንዳልሆነ፣ መንኮራኩሩ ወደ አገሩ እንደሚመልሰው ያምናል። ፍቅረኛውን የምትጫወተው ሰላም ተስፋዬ ናት። የአማርኛ ፊልም የሚያይ ሰው ሁሉ ሰላምን ያውቃታል፤ ይገባታልም። ዳንኤልን ግን ስንቱ ያውቀዋል? በፊልም ፖስተሮቻችን ላይ የተለመደው ዓይነት ቁመና የለውም፣ የፍቅር ፊልም መሪ ተዋናይ አድርጎ የመረጠው የአገር ውስጥ አዘጋጅም አላየሁም። በዚያ ፊልም ውስጥ ግን ከቤቱ ርቆ እንደ ተጣለ የሚሰማው ሰው ሁሉ ሕመም በእርሱ ትከሻ ላይ አለ። የባዕድ ቁርጥራጭ ቅዱስ ሆኖብን፣ ዓይናችን ሁልጊዜ ወደሚወስደን መርከብ ሆኖ የምንኖር እኛ፣ ይህ ስለ እኛ ካልሆነ ስለ ማን ነው?

ደግሞስ «ስለ ራሳችን ኑሮ እንተውን» የሚሉት ሰዎች የራሳችንን ኑሮ እንዴት እየተወኑት ነው? የእኛን አገር ገበሬ በቴሌቪዥን ተመልከቱ። ጋቢ ያጣፉበታል፣ ዱላ ያስይዙታል፣ የትም አገር የማይነገር አማርኛ ያስወሩታል፤ አፉን ከፍቶ ፎቅ ሲያይ እንድንስቅ። በጉና ሥር ገብስ የሚዘራ የፋርጣ ሰው እንዲህ ነው? ዝም ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ፣ ሲቆጣ ድምፁን ከፍ ሳይሆን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ ከሽማግሌ ፊት እጁን የት እንደሚያኖር አንድ ቀን ተቀምጦ ያጠና ተዋናይ የት አለ? «ትንሽ ሚና ናት» ተብሎ ለመጣው ሁሉ ይሰጣል፤ የተሰጠውም ሰው መሪ እስኪሆን መሸጋገሪያ ስለሚያደርጋት አይደክምባትም። ቮን አርምስትሮንግ በምድር ላይ ለሌለ ሮሙላን አባት የሰጠውን ክብር ያህል፣ በምድር ላይ ላለው ለአባቴ ባልንጀራ ለገበሬው የሰጠው የለም። የማንን ሙያ ነው የናቅነው?

የድራማዎቻችን በሽታ እዚህ ነው። መሪ ተዋንያን አሉን፤ አንዳንዶቹ ከማንም የማያንሱ ናቸው። በዙሪያቸው ያለው ዓለም ግን ባዶ ነው። ዘበኛው ዘበኛ አይደለም፣ ሐኪሙ ሐኪም አይደለም፣ የቤት ሠራተኛዋ በር ለመክፈት ብቻ የተፈጠረች ናት። አንድን ታሪክ እውነት የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው። እነዚህን የሚሞላው ደግሞ ዛሬ ይህን፣ ነገ ያንን ሆኖ መኖርን እንደ ሙሉ ሙያ የተቀበለ፣ በዚያም የሚከፈለውና የሚከበር ሰው ነው። ማይክል ዶርን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ወርፍ የተባለውን ፍጡር እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ተጫውቶ በስታር ትሬክ ታሪክ ከማንም ተዋናይ በበለጠ ብዛት ባላቸው ክፍሎች ታየ፤ ያ ሁሉ ዘመን የራሱ ባልሆነ ግንባር ሥር ነበር። ድራማው የቆመው በመርከቧ አዛዥ ውበት ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ ለደብረ ታቦርና ለአካባቢው የኪነት ክበባት ልጆች የምለው ይህ ነው። መሪ ሚና ካልደረሰኝ ብላችሁ አትውጡ፤ የተሰጣችሁን ሰው፣ አውሬም ቢሆን ጋኔንም ቢሆን፣ ከአረማመዱ ጀምራችሁ አጥኑት። ለፕሮዲውሰሮች፦ ለረዳት ተዋናይ የልምምድ ቀን ስጡ፣ የልምምዱንም ክፈሉ። ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ደግሞ፦ ድራማው እንዳለቀ የሚያልፈውን የተዋንያን ስም ዝርዝር ለማስታወቂያ ስትሉ አትቁረጡ፤ እስከ መጨረሻው ስም ድረስ፣ ሊነበብ በሚችል ፍጥነት አሳልፉት።